ሳያም የሚቆይ መቆጣት፦ በባሕር ዳር ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ሊቀመንበራችን «ስለ ስኳርና ስለ ግፊት ትንሽ ንገሪን» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። እንደምታውቁኝ ሥራዬ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የስኳርና የግፊት ታካሚዎችን መከታተል ነው። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል። በሕይወት ሳለን ስለ ጤናችን እዚሁ ብንመካከር ደግሞ ምንኛ ጥሩ ነው።

እግራችንን እሾህ ሲወጋን ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ተቆጣ እንላለን። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቁስሉ ሮጠው ጀርሙን ይገድላሉ። ሥራቸውን ሲጨርሱ እብጠቱ ይጠፋል። ይህ ባይኖር በትንሽ ቁስል እንሞት ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው የመቆጣት ዓይነት ነው። አያብጥም፣ አያተኩስም፣ አያምም፤ ግን ለዓመታት አይበርድም። አንዱ ዋና ምንጩ ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚጠራቀም ስብ ነው። ቦርጭ የድሎት ምልክት መስሎን ኖረናል። ስቡ ግን መቆጣትን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል። ኬሚካሎቹ ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ በደንብ እንዳይሠራ ያውካሉ፤ ስኳር የሚመጣበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። የደም ሥርን ግድግዳም ያስቆጣሉ። እዚያ ቅባት ይጠራቀማል፣ አንድ ቀን ይቀደድና ደም ይረጋበታል። ልብ ላይ ከሆነ ሃርት አታክ፣ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ነው። ሲጋራ፣ የማገዶ ጭስ፣ የድድ በሽታ፣ እንቅልፍ ማጣትና ቀኑን ሙሉ መቀመጥም ያባብሱታል። ዕድሜ ራሱ ይጨምረዋል። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ እ.ኤ.አ. በ2000 ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ከእርጅና ጋር አያይዞ ከጻፈ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል።

አንዱን ጥናት ልንገራችሁ። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሃርት አታክ ደርሶባቸው ከተረፉ ከ10,000 በላይ ሰዎች መካከል ለከፊሎቹ መቆጣትን የሚቀንስ መርፌ፣ ለቀሩት ደግሞ ለማነጻጸር መድኃኒት የሌለበት ባዶ መርፌ ተሰጠ። መድኃኒቱ ኮሌስትሮልን አልነካም። እንዲያም ሆኖ ከተሞከሩት ሦስት መጠኖች መካከለኛውን በወሰዱት ላይ ዳግመኛ ሃርት አታክ፣ ስትሮክና በልብ በሽታ መሞት በ15 በመቶ ቀነሱ። መቆጣቱ ራሱ ጥፋተኛ መሆኑ በዚህ ታየ። መርፌው ግን በጣም ውድ ነው፤ ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽንም ስላበዛ ለዚህ ሕክምና አልተለመደም። ስለዚህ ወደ ማዕዳችን እንመለስ።

ማዕዳችን ደግሞ ሀብታም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ የጤፍ እንጀራ። በውስጣቸው ያለው አሰር (ፋይበር) ሳይፈጭ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይመገቡትና መቆጣትን የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮች ይሠራሉ። ከተልባ ዘይት ከግማሽ በላዩ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጤናማ ስብ ነው። ፍሬው ሳይፈጭ ከተዋጠ እንዳለ ይወጣል፤ ስለዚህ ቆልታችሁ ፍጩት።

ጣናም አለን። አሳ ፕሮቲን አለው፣ ቫይታሚን ቢ12 አለው። ምን ዋጋ አለው፣ እኛ አጠባበሱን አበላሸነው። ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ ድስቱን ተመልከቱ። ጠዋት የተጣደው ዘይት ከሰዓት ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ ዳር ዳሩን አረፋ ይዞ ይጨሳል። ቀረሶ የምንለው አሳ እዚያ ውስጥ ገብቶ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ደጋግሞ የተቃጠለ ዘይት ለደም ሥር ደግ አይደለም። ቤታችሁ ስትሠሩ ወጥ አድርጉት፣ ጉላሽ አድርጉት። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ግን ለአባቶች እተዋለሁ።

ለስላሳን በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። አንድ ጠርሙስ 30 ግራም ያህል ስኳር አለው። ሰባት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። የስኳር በሽተኛ ለቅሶ ሲደርስ «እንዴት እምቢ ልበል» ብሎ ይጠጣል። እድራችን በድንኳኑ ከለስላሳው እኩል ውኃ ይቅረብ ብሎ ቢወስን ማንም አያፍርም። ዛሬውኑ ለድምፅ ቢቀርብ ደስ ይለኛል።

አሁን ስለ አረጋውያን። ይህ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። «ሽማግሌ ምን ይበላል» እያልን ሻይ በዳቦ እናቀርብላቸዋለን። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ይቀልጣል፤ መቆጣቱም ያፋጥነዋል። ጡንቻ ያጣ ሰው ይወድቃል፣ ዳሌው ይሰበራል። አረጋዊ ከጎልማሳ የበለጠ እንጂ ያነሰ ፕሮቲን አያስፈልገውም። በፍስክ እንቁላል፣ ወተት፣ አሳ፤ በጾም ጠንከር ያለ ሽሮ፣ ምስር፣ ሽምብራ አቅርቡላቸው። በእግራቸውም እንዲንቀሳቀሱ አድርጉ።

በቅርቡ የአንድ አባትን ጫማ ሳወልቅ ጠጠር ዱብ አለ። ቀኑን ሙሉ ረግጠውት ውለዋል። ውስጥ እግራቸው ተልጧል፤ እሳቸው ግን አልተሰማቸውም። ስኳር ነርቭን እንዲህ ያደነዝዛል። የቢ12 እጥረትም ያደነዝዛል። ቢ12 ከእህልና ከአትክልት አይገኝም። በዕድሜ የገፋ ሰው አካል በደንብ አይስበውም። ብዙዎቻችሁ ለስኳር የምትውጡት ሜትፎርሚን የተባለው መድኃኒትም ይቀንሰዋል። አጥብቃችሁ የምትጾሙ፣ ዕድሜያችሁ የገፋ፣ ሜትፎርሚን የምትወስዱ፣ እግራችሁን የሚያቃጥላችሁ ወይም የሚደነዝዛችሁ ከሆነ ለሐኪማችሁ ንገሩ። እጥረቱ ቶሎ ከታወቀ ይታከማል። ሜትፎርሚኑን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ።

ይህን ስላልኩ ደግሞ የቫይታሚን ብልቃጥ ሸመታ ውስጥ እንዳትገቡ። ፊንላንድ ውስጥ ለአጫሾች ቤታ ካሮቲን በክኒን ተሰጥቶ ነበር፤ ካሮት ውስጥ ያለው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ የሳንባ ካንሰሩ ጭራሽ ጨምሮ ተገኘ። የጎደለ ነገር በምርመራ ሲታወቅ ይተካል። ከዚያ ውጭ ካሮቱን ራሱን ብሉት።

ከስብሰባው በኋላ ከባልደረባዬ ጋር በሩ አጠገብ ግፊት መለኪያና የስኳር መመርመሪያ ይዘን እንቀመጣለን። በነፃ ነው። ስኳር ያለባችሁ ጫማችሁንም እናወልቃለን፤ እንዳታፍሩ። አረጋውያን ይቅደሙ። ስላዳመጣችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ።