ሰማይ አይታረስ፤ አየር መንገድ ግን ይጠየቃል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ቲኬት መሸጥ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ስልኬ አይተኛም። እዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁን በመልክ ሳይሆን በሌሊት ድምፃችሁ ነው የማውቃችሁ። አንዳንዶቻችሁ ስታለቅሱ ሰምቻለሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ በረዶውን እኔ ያዘነብኩት ይመስል ተቆጥታችሁኛል። ይቅር ተባብለናል።

የማኅበሩ አስተባባሪዎች ክረምቱ ሳይገባ ስለ በረራ መዘግየትና መሰረዝ ንገረን ብለውኝ ነው የቆምኩት። ክረምት ስል የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። አገር ቤት ጥር ሰማዩ የጠራ፣ ሠርግ የሚደገስበት ወር ነው። እዚህ ጥር አካፋ ይዘን መኪናችንን ከበረዶ የምንቆፍርበት ወር ነው። ገናና ጥምቀትን አገር ቤት ለመዋል የምንነሳው ከዚህኛው ሰማይ ሥር ነው። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2016 ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን የጀመረው በረዶ ዱለስ ኤርፖርት ላይ 29 ኢንች ያህል ተቆልሎ ነበር። ሰባ ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ከጥምቀት የሚመለሰውም፣ ለሠርግ የሚሄደውም እኩል ተይዞ ቀረ። ያን ሰሞን ስንት ሰው እንደደወለልኝ እኔም ባለቤቴም አንረሳውም።

ደዋዩ ሁሉ በመጨረሻ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «በአየሩ ምክንያት ነው አሉን፤ እንግዲህ ምን ይደረጋል?»

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይላሉ። አየር መንገዱ ባንኮኒ ጀርባ የቆመችው ልጅ «ዌዘር ነው»፣ ማለትም አየሩ ነው፣ ስትለን ሁለቱንም በአንድ ቃል የነገረችን ይመስለናል። ሰማዩ አይታረስም፣ ኩባንያውም አይከሰስም፤ ስለዚህ ሻንጣችንን ጎትተን እንመለሳለን። እኔ ዛሬ ይህን ተረት ከመሐሉ ልቁረጠው። የፊተኛው ግማሽ እውነት ነው። የኋለኛው ግማሽ እዚህ አገር አይሠራም።

ከፊተኛው ልጀምር። ልጅ ሆኜ አንድ ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጡ አጎቴን ልንቀበል ከአባቴ ጋር ጎንደር፣ አዘዞ ሄድን። ደመናው ተራራውን ለብሶታል። አውሮፕላኑ ከላይ ሲዞር ድምፁን እንሰማለን፣ አካሉን አናይም። ሦስት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ድምፁ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። እኔ አለቀስኩ። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ተመስገን፣ አብራሪው ልብ ያለው ሰው ነው» አሉ። ያልመጣ ሰው ምኑ ያስመሰግናል ብዬ ተናደድኩባቸው።

ነገሩ የገባኝ እዚህ ከመጣሁ በኋላ የ14ኛውን ጎዳና ድልድይ ታሪክ ስሰማ ነው። ብዙዎቻችሁ ወደ ሥራ ስትሄዱ በየቀኑ የምትሻገሩት ድልድይ ነው። ጃንዋሪ 13 ቀን 1982 ከናሽናል ኤርፖርት ሊነሳ የነበረው የኤር ፍሎሪዳ በረራ ቁጥር 90 በበረዶ ምክንያት ዘግይቷል። ክንፉ በረዶ በሚያቀልጥ ፈሳሽ ታጥቦ ነበር። ነገር ግን ከታጠበ በኋላ ተራ ሲጠብቅ 49 ደቂቃ ያህል በረዶ ጣለበት፤ ክንፉ ላይ እንደገና ተጋገረ። የሞተሩን የበረዶ መከላከያም አላበሩትም። ከመሬት እንደተነሳ ድልድዩን መትቶ ፖቶማክ ወንዝ ገባ። ከተሳፈሩት 79 ሰዎች የተረፉት 5 ናቸው። ድልድዩ ላይ መኪና ውስጥ የነበሩ 4 ሰዎችም ሞቱ።

ስለዚህ መስኮት ዳር ተቀምጣችሁ ብርቱካናማው ሙቅ ፈሳሽ ክንፉ ላይ ሲረጭ፣ በላዩ ደግሞ አረንጓዴው ሲደገም ብታዩ፣ በረዶ እንዳይይዝ የሚያደርገው ለተወሰነ ደቂቃ ብቻ መሆኑን አስቡ። ተራው ከዘገየና ያ ደቂቃ ካለፈ ተመልሶ ይታጠባል። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዓት ዘገየን ብላችሁ ለእኔ አትደውሉ። አባቴ የሚሉትን ነው የምላችሁ።

«ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ያታልሉናል» የሚለኝም አይጠፋም። ሊሆን ይችላል፤ ግን ብዙ ጊዜ አያታልሉም። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ዋረንተን አካባቢ የመላ አገሪቱን የበረራ ፍሰት የሚቆጣጠር የመንግሥት ማዕከል አለ። ኒውዮርክ ላይ ነጎድጓድ ካለ፣ ወደዚያ የሚሄዱት አውሮፕላኖች ሰማይ ላይ እየዞሩ ነዳጅ ከሚጨርሱ በሚነሱበት ኤርፖርት መሬት ላይ ይጠብቁ ብሎ ያዛል። ዱለስ ላይ ፀሐይ እየሞቃችሁ የምትጠብቁት የኒውዮርክን ዝናብ ነው ማለት ነው። ደግሞም እናንተን የሚወስደው አውሮፕላን እናንተ ጋ አላደረም፤ ጠዋት ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው። እሱ ቢደርስ እንኳ የአብራሪዎቹ የሥራ ሰዓት በሕግ የተገደበ ነው። ሰዓታቸው ካለቀ አውሮፕላኑ ቆሞ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገደኛው ተሰልፎ በረራው ይሰረዛል።

እዚህ ላይ ግን ጆሯችሁን አቁሙ። ሰማዩ ቆሞ ኩባንያው የሚጀምርበት ቦታ እዚህ ነው።

በዲሴምበር 2022 የፈረንጆቹ ገና ሊገባ ሲል ከባድ ብርድና በረዶ አገሩን መታው። ሁሉም አየር መንገድ በረራ ሰረዘ። ሌሎቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሱ። ሳውዝዌስት የተባለው አየር መንገድ ግን የትኛው አብራሪ፣ የትኛው አስተናጋጅ የት ከተማ እንደቀረ መከታተል ተሳነው። የምደባ ሥርዓቱ ተዝረከረከ። ሠራተኞቹ ራሳቸው የት እንዳሉ ለኩባንያቸው ለመናገር ስልክ ይዘው ሰዓታት ጠበቁ። ከ16,000 በላይ በረራ ተሰረዘ፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ተንገላታ። በረዶው ካቆመ በኋላ እንኳ ስረዛው ቀጠለ። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር ከዓመት በኋላ 140 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ንጉሡ ተከሰሰ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ የምትጠይቁትን ልንገራችሁ። በዚህ አገር የስረዛው ምክንያት የሚወስነው ሆቴሉን ነው እንጂ ገንዘባችሁን አይደለም። ይህን አንዴ ልድገመው፤ በአየር ተሰረዘ፣ በሞተር ተሰረዘ፣ በሠራተኛ እጥረት ተሰረዘ፣ በረራው ከተሰረዘና የሚሰጧችሁን ሌላ በረራ አልፈልግም ካላችሁ ላልተጠቀማችሁበት ጉዞ የከፈላችሁት ይመለሳል። ቲኬቱ ላይ «ገንዘብ አይመለስም» የሚል ቢጻፍበትም ይመለሳል። በ2024 በወጣው ደንብ የአገር ውስጥ በረራ 3 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ፣ የውጭ አገር በረራ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከተገፋም እንደዚሁ ነው። በክሬዲት ካርድ የከፈለ በ7 የሥራ ቀን፣ በሌላ መንገድ የከፈለ በ20 ቀን ውስጥ ሊያገኝ ይገባዋል። በገንዘቡ ፈንታ ለሌላ ጊዜ ጉዞ የሚሆን ቫውቸር ሲሰጧችሁ ግን ቸኩላችሁ እሺ አትበሉ። ብዙ ሰው ኪሱ የሚገባውን ዶላር ትቶ ዓመት ሳይሞላው የሚቃጠል ወረቀት ይዞ ይመጣብኛል።

በራሴ ላይም አንድ ነገር ልናገር፤ አስተባባሪዎቹ ይህን አልጠየቁኝም። ቲኬቱን ከእኔ ዓይነቱ ሻጭ ገዝታችሁ የካርዳችሁ መግለጫ ላይ የሚታየው የሻጩ ስም ከሆነ፣ የመመለስ ግዴታው የሻጩ ነው። «ወደ አየር መንገዱ ሂዱ» ብሎ ሊሸኛችሁ አይችልም። መግለጫችሁን አውጥታችሁ እዩ። ባልደረቦቼ ስላስታወስኳችሁ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ።

ሆቴልና ምግብ ሌላ ጉዳይ ነው። አሜሪካ ውስጥ በአየር ምክንያት ለተሰረዘ በረራ ሆቴል ስጡ የሚል ሕግ የለም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ቃል የገቡት ጥፋቱ የራሳቸው ሲሆን ነው። ስለዚህ ባንኮኒው ጋ ስትደርሱ «አየሩ ነው ወይስ ሠራተኛ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ጻፉት፣ ወይም መልእክቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጠዋት «ዌዘር» የተባለው ማታ «ክሩው (የበረራው ሠራተኛ) ሰዓቱ አልቋል» ሲባል ደጋግሜ አይቻለሁ።

አውሮፓ ላይ ደግሞ ሕጉ ይሻላል። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የተነሳ በረራ በበረዶም ይሁን በጭጋግ ቢሰረዝ ምግብና ማደሪያ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። ከ250 እስከ 600 ዩሮ የሚደርሰው ካሳ ግን እውነተኛ የአየር ችግር ሲሆን አይከፈልም። በወረቀት ላይ ለእኛ የሚመች ይመስላል። ወረቀቱ ከእናታችን ፓስፖርት ጋር ሲገናኝ ግን ሌላ ይሆናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ልጅ የእናቱን ቲኬት ሸጥኩለት። ከአዲስ አበባ በአውሮፓ በኩል ነው፤ በ180 ዶላር ይረክሳል። እኔው ነኝ ያሳየሁት። የትራንዚት ከተማው ላይ በረዶ ጣለ፣ ተከታዩ በረራ ተሰረዘ። አየር መንገዱ ሕጉን አክብሮ ሆቴል ሰጠ፤ እማማ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዙት፣ ወደ አውሮፓ የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ የላቸውም። የአሜሪካ ቪዛቸው ኤርፖርቱ ውስጥ ያሳልፋቸዋል እንጂ ከበሩ አያስወጣቸውም። ፈረንጁ ሁሉ ሆቴል ሲገባ እሳቸው በሸራ አልጋ ላይ ሁለት ሌሊት አደሩ። ከአማርኛ ሌላ አይሰሙም። ጠያቂ የሆነቻቸው እዚያው ካፌ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ኤርትራዊት ልጅ ነበረች፤ ሻይ ታመጣላቸዋለች፣ በእሷ ስልክ ከልጃቸው ጋር ያወራሉ። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ያለው በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነው። ሻንጣው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ለሚሄዱ አዛውንት በክረምት የአውሮፓ ትራንዚት አልሸጥም። ርካሽ ነው ብላችሁ ብትለምኑኝም አልሸጥም፤ ሌላ ጋ ግዙ። ከዱለስ አዲስ አበባ ያለ ማረፊያ የሚበር አለ። ሲመጣ ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ያርፋል፤ ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለ፣ አየሩም ስለሚሳሳ፣ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይቸገራል። ቢሆንም የሚቀጥለው ያው አውሮፕላን ነው። መድኃኒት ደግሞ በእጅ ቦርሳ። ዱባይ በአፕሪል 2024 በአንድ ቀን የዓመቱን ዝናብ ያህል ዘንቦባት ኤርፖርቱ በውኃ ሲጥለቀለቅ ከባለቤቶቻቸው ተለይተው የቀሩት ሻንጣዎች በአሥር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር።

ከሚኒያፖሊስና ከአትላንታ ለመጣችሁ እንግዶችም አንድ ነገር አለ። የዱለሱን ቲኬት ከእኔ፣ እስከ ዱለስ የሚያመጣችሁን ከኢንተርኔት ለየብቻ የምትገዙ አላችሁ። ሚኒያፖሊስ በረዶ ሲይዛችሁ የዱለሱ አውሮፕላን እናንተን የመጠበቅም ሆነ በሌላ የመተካት ግዴታ የለበትም። ለእሱ የቀራችሁት በራሳችሁ ነው። መመለሻችሁንም አብሮ ሊሰርዝባችሁ ይችላል። ወይ በአንድ ቲኬት ግዙ፣ ወይ ከአንድ ቀን በፊት መጥታችሁ ዘመድ ቤት እደሩ። በዚህ ከተማ ዘመድ ያጣ ሐበሻ አላየሁም።

የሞንትሪያል ስምምነት የሚባል ዓለም አቀፍ ሕግም አለ። አሜሪካም ኢትዮጵያም ተቀብለውታል። በውጭ አገር ጉዞ ላይ በመዘግየት ለደረሰባችሁ ወጪ አየር መንገዱ ተጠያቂ ነው፤ የሚድነው በምክንያታዊነት የሚጠበቅበትን ሁሉ ማድረጉን ካስረዳ ነው። ማስረዳት ያለበት እሱ ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። ስለዚህ የታክሲውንም፣ የሳንድዊቹንም ደረሰኝ አትጣሉ። አቤቱታ ለትራንስፖርት ሚኒስቴር በኢንተርኔት ይገባል። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮዬ ይምጣ፣ አብረን እንሞላለን፤ ገንዘብ አልቀበልም።

ባንኮኒው ላይ ያለችውን ልጅ ግን አትስደቡ። በረዶውንም የምደባ ሥርዓቱንም እሷ አልሠራችውም። ደግሞ ከሚጮህባት ሰው ይልቅ በትሕትና ለጠየቃት ሰው ነው ያቺን አንዲት ቀሪ ወንበር የምትፈልገው፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

እማማ አሜሪካን ጎብኝተው ጨርሰው ሲመለሱ መመለሻቸውን በራሴ ወጪ ቀየርኩላቸው። ሊሳፈሩ ዱለስ ስሸኛቸው እጄን ይዘው «ልጄ፣ ይኸኛው ደግሞ በረዶ አገር ያድራል?» አሉኝ።

«አያድርም እማማ» አልኳቸው፤ «ከዚህ ተነስቶ የሚያርፈው ቦሌ ነው።»

ሻይው እስኪቀርብ ድረስ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ። አመሰግናለሁ።