አረፋዎቹ ለምን 7 ሆኑ?

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምቀዳው ከአራት ኪሎ ነው። ከመስኮቱ በታች የታክሲ ረዳቶች «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላሉ፤ ድምፁ ከገባ ይቅርታ። ፀሐይ አሁን ጠለቀች። እኔ የማጠናው ነገርም የሚጀምረው በዚህ ሰዓት ነው።

ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ስስ አየር ቀን ቀን በፀሐይ ጨረር ኤሌክትሮኖቹን ይነጠቃል። ፕላዝማ ይሆናል። አዮኖስፌር የምንለው ይህን ነው። ሲመሽ የታችኛው ክፍል ቶሎ ይሳሳል፤ የላይኛው ግን እንደወፈረ ይቆያል። ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች።

ዘይት ላይ ውሃ አፍስሱ። ውሃው እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ሆኖ አይወርድም። እዚህ እንደ ጣት ይሰምጣል፣ እዚያ ዘይቱ ሾልኮ ይወጣል። ሬይሊ–ቴይለር አለመረጋጋት ይባላል፤ ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1883፣ ጄፍሪ ቴይለር ደግሞ በ1950 ያጠኑት ነው። አዮኖስፌር ላይም ስሱ ፕላዝማ አረፋ ሆኖ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይወጣል። በውስጡ የሚያልፍ የጂፒኤስ ሲግናል ይርገበገባል። ይህ የሚከሰተው በምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከመሬት ጋር ትይዩ በሚሆንበት መስመር አካባቢ ነው። ያ መስመር ደግሞ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ማለትም ነገሩ የኛው ሰማይ ጉዳይ ነው። ይህን መጀመሪያ ስሰማ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግዲህ ያን አረፋ በኮምፒውተር ለማስነሳት ኮድ ጻፍኩ። ስሌቱ ለአንድ ፕሮሰሰር ይከብዳል። ስለዚህ ሰማዩን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ለ8 ሸነሸንኩትና ለ8 ፕሮሰሰር አከፋፈልኩት። እያንዳንዱ የራሱን ቁራሽ ያሰላል። ዳር ዳሩን ለማስላት ግን የጎረቤቱን ቁጥር ይፈልጋል። በየእርምጃው በኤምፒአይ፣ ማለትም ፕሮሰሰሮች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት የፕሮግራም መሣሪያ፣ መልእክት ይለዋወጣሉ።

ውጤቱ ሲመጣ በጣም ያምር ነበር። ረዣዥም አረፋዎች፣ እኩል እኩል ተራርቀው። ለአማካሪዬ ይዤ ሮጥኩ። ዝም ብለው አዩትና ቆጠሩ። «ጎበዝ፣ ያምራል። ግን ለምን 7 ሆኑ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ለ4 ከፍዬ ደገምኩት። አረፋዎቹ 3 ሆኑ። ያኔ ሆዴ ባር ባር አለ። 8 ቁራሽ 7 ድንበር አለው፤ 4 ቁራሽ 3። አረፋ የሚነሳው ድንበሩ ላይ ብቻ ነበር። ተፈጥሮ ግን እኔ ስንት ፕሮሰሰር እንዳለኝ አታውቅም።

ስህተቱ አንዲት የጎደለች መስመር ናት። መልእክቱ እስኪደርስ ጠብቅ የምትለዋን አልጻፍኳትም። ስለዚህ አንዳንዱ ፕሮሰሰር ጎረቤቱ የዛሬውን ሳያመጣለት በትናንቱ ወሬ ያሰላ ነበር። ልዩነቱ ከቁጥር የማይገባ ነው። በረጋ ነገር ላይ ቢሆን ማንም አያየውም። ባልተረጋጋ ነገር ላይ ግን ትንሿ ግድፈት በየጊዜው እየተባዛች አረፋ ታክላለች። የተፈጥሮም ሥራ ይኸው ነው፤ ለዚህ ነው ስህተቱ እውነት የመሰለው። ሦስት ሳምንት ያመንኩት ሥዕል ነበር፣ አዝኛለሁ።

አሁን ማንኛውንም ውጤት በ1፣ በ4፣ በ8 እና በ16 ፕሮሰሰር ሳላስኬድ ለሰው አላሳይም። መስመሯን ከጨመርኩ በኋላ አረፋው ድንበሩን ትቶ እኔ ለመነሻ ብዬ ትንሽ ሞገድ ባስቀመጥኩበት ቦታ ብቻ ተነሳ። በአራቱም።

እውነተኛው ሰማይ ላይ ያንን ሞገድ ምን እንደሚጥል ግን ገና ያከራክራል። በመስከረምና በመጋቢት ሰሞን አረፋው ይበዛል። ግን አንድ ማታ ይነሳል፣ በማግስቱ ያው በሚመስል ማታ ዝር አይልም። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ይህ ነው። ዛሬም ለ16 ከፍዬ አስነስቼዋለሁ፤ እስኪነጋ ይሄዳል።