ማን ቀድሞ ይፈርማል?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱም ደረቅ ነው፦ የውል አፈራረም። መሥሪያ ቤታችን ውሎቹን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሊያዛውር እየተሰናዳ ነው። ረቂቁ ከአንዱ ኃላፊ ወደ ሌላው በራሱ ይሄዳል፣ ያዘገየውን ሰው ሥርዓቱ ያስታውሳል፣ ተፈርሞ ያለቀውም ራሱ ቦታውን ይይዛል ተብሏል። የውል ክፍሉ በእኔ ስር ስለሆነ ከመጀመሩ በፊት ቅንብሩን የማዘጋጀቱ ሥራ ወደ እኔ መጣ።

ሥርዓቱ ባዶውን ሲከፈት ጥያቄ ብቻ ነው። ይህን ዓይነት ውል ማን ያረቅቃል? ማን ይመረምራል? ማን ቀድሞ ይፈርማል? ከስንት ብር በላይ ሲሆን ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ይሂድ? ፈራሚው የዓመት ፈቃድ ላይ ከሆነስ? አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ይመስላል። ነገር ግን ከመመሪያዎቻችን በአንዱም ላይ መልሱ አልተጻፈም። መልሱ ያለው የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ዘንድ ነው። የትኛው ፋይል ለማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ የፋይናንስ ኃላፊው ያላዩት ውል ሳይነበብ እንደሚመለስ፣ በወር መጨረሻ ፊርማ መጠየቅ ከንቱ ድካም እንደሆነ የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ከሶፍትዌር ሻጩ ጋር ካደረግነው ስብሰባ ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ ከእርሳቸው ጋር ቁጭ ብዬ የአንድን ግዢ ውል መንገድ ከረቂቅ እስከ መዝገብ ቤት በእርሳስ የሳልንበት ከሰዓት በኋላ ነው። ፋይሉ ወደ አንድ ጠረጴዛ ደጋግሞ ይመለሳል። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «እንዲያውቁት ነው እንጂ ሌላ ምን አላቸው» አሉኝ።

ይህ መልስ ብዙ አሳሰበኝ። ከምንሰበስባቸው ፊርማዎች አንዳንዶቹ ውሳኔ የለባቸውም፤ አክብሮት ናቸው። አክብሮቱን አልጠላውም፤ ሰው በሚመራው ክፍል የሚሆነውን የማወቅ መብት አለው። ለዚህ ግን ውሉን ጠረጴዛው ላይ ማሳደር አያስፈልግም፤ ቅጂ እንዲደርሰው ማድረግ ይበቃል። በተቃራኒው ደግሞ ሻጩ «ይህን ደረጃ ብታወጡት ይፈጥናል» ያለን የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ፊርማ ነበር። እኚህ ሰው ዋጋውንም ሆነ የክርክር አንቀጹን አያዩትም። የሚያነቡት መለኪያውን ብቻ ነው፦ ካርቶን ሲባል ስንት ፍሬ ነው፣ ኩንታሉ ከነጆንያው ነው ወይስ ያለ ጆንያው? ያቺን መስመር ከእርሳቸው በቀር የሚያያት የለም። አልወጡም።

አሁን ወደ ማኅተሙ ልምጣ፤ ትልቁ ክርክር የተነሣው በእርሱ ነውና። እኛ አገር ክብ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ውል አይመስልም። ስለዚህ አንድ ባልደረባዬ ማኅተሙን በስካነር አንስተን ሥርዓቱ በየውሉ ግርጌ እንዲያሳርፈው ሐሳብ አቀረበ። አልተስማማሁም። የማኅተም ፎቶግራፍ ማንም ቆርጦ ሌላ ሰነድ ላይ ሊለጥፈው ይችላል። ትክክለኛው ዲጂታል ፊርማ ሥዕል አይደለም። ፈራሚው ብቻ በሚይዘው የግል ቁልፍ፣ ማለትም በምስጢራዊ የኮምፒውተር ኮድ፣ ከሰነዱ ይዘት ጋር በስሌት ይታሰራል፤ ከፊርማው በኋላ አንዲት ቁጥር ብትቀየር ማረጋገጫው ይፈርሳል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 የሚያቆመው የምስክር ወረቀት ሰጪዎች፣ ማለትም ቁልፉ የማን እንደሆነ የሚያረጋግጡ ተቋማት፣ ሥርዓትም ለዚህ ነው፤ የእነርሱ ሁሉ መነሻ ሥር የሆነው አረጋጋጭ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው። በ2012 ደግሞ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ተከተለ።

ለመሆኑ ማኅተምን የግድ ያደረገው ማን ነው? የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጣሁና አነበብኩ። ቁጥር 1719 በመርሕ ደረጃ ውል ልዩ ፎርም፣ ማለትም የተለየ የአደራረግ ሥርዓት፣ አያስፈልገውም ይላል። ሕግ በጽሑፍ ይሁን ላለው ውል ደግሞ ቁጥር 1727 የተዋዋዮቹን ፊርማና ሁለት ምስክሮችን ይጠይቃል። ማኅተም የለም! ደስ ብሎኝ ልዘጋው ስል ቁጥር 1726 ላይ ዓይኔ አረፈ፦ ሕግ ባያስገድዳቸውም ተዋዋዮቹ ራሳቸው በልዩ ፎርም እንዋዋል ብለው ከተስማሙ፣ ያ ፎርም እስኪሟላ ውሉ እንደተፈጸመ አይቆጠርም። ወዲያው የራሳችንን የውል ቅጽ የመጨረሻ ገጽ ገለጥኩ። ለዓመታት ሲገለበጥ የኖረው ዐረፍተ ነገር እዚያው ነው፦ «ይህ ውል በአራት ቅጂ ተዘጋጅቶ በሁለቱም ወገኖች ከተፈረመበትና ማኅተም ካረፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል»።

ሕጉ ያልጠየቀንን እኛው በገዛ ቃላችን በራሳችን ላይ አስረነዋል። ይህ ዐረፍተ ነገር እንዳለ ወደ አዲሱ ሥርዓት ቢገባ፣ በስክሪን ላይ ፈርሞ በኋላ የተጸጸተ ተዋዋይ «አራቱ ቅጂ የት አለ? ማኅተሙስ?» ብሎ የሚከራከርበትን በር ከፍተን እንሰጠዋለን። ስለዚህ ከማናቸውም ቅንብር በፊት የሚለወጠው ቅጹ ነው። ሻጩ የሰጠን የዝግጅት መዘርዝር ስለዚህ አንድ ቃል የለውም፤ አልፈርድበትም፣ ሶፍትዌር ነው የሚሸጠው።

ምስክሮችን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። እኛ ቤት የውል ምስክር ማለት በዚያ ሰዓት ኮሪደሩ ላይ የተገኘ ሰው ነው። «ና እስቲ፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ» ይባላል፤ ይፈርማል፤ ይሄዳል። አዲሱ ሥርዓት ምስክሩ መቼና በየትኛው ስልክ ሰነዱን እንደከፈተ ይመዘግባል፤ ውሉን ሳይከፍት መፈረም አይችልም። ይህን የሰማ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ከእንግዲህ ምስክር እንዳልሆን ከዝርዝሩ አውጡኝ አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ እርሱ ግን የምሩን ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ደግሞ ብቻውን ክፍል የሚወጣው ነው፤ አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። የመጋዘን ኪራይ ውላችን ከመስከረም 1 ቀን 2017 እስከ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 የሚቆይ የሦስት ዓመት ውል ነው። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን ስድስት ቀን አላት። ሥርዓቱ መነሻውን በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ብሎ ተቀበለና ሦስት ዓመት ቆጥሮ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2027 ላይ ዘጋው። በእኛ ጳጉሜን 5 ማለት ነው። አንድ ቀን ጠፋች። ለጽሕፈት መሣሪያ ውል አንድ ቀን ምንም አይደለችም፤ ለኢንሹራንስ ሽፋን ወይም ለዋስትና ግን የክርክር ሁሉ እናት ናት። ስለዚህ ማብቂያ ቀንን ሥርዓቱ እንዲያሰላ አልፈቀድንም፤ ሰው በሁለቱም አቆጣጠር ይጽፈዋል፣ ሌላ ሰው ያመሳክረዋል። የሚያዘገይ ነው፤ ይዘግይ።

«ምትክ ፈራሚ» የምትባል አንዲት ሳጥንም አለች፤ ኃላፊው ሲወጡ የሌላ ሰው ስም ይመረጥባታል። ምቹ ናት፤ ስለዚህም አደገኛ ናት። ስም መምረጥ ሥልጣን መስጠት አይደለም። በዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ኮምፒውተር ላይ የተመረጠ ስም ያንን አይተካም። እኛ የወሰንነው ውክልናው ታይቶ ፋይሉ ካልተያያዘ በቀር ሳጥኗ እንዳትከፈት ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውሎችንማ ከነጭራሹ ወደ ሥርዓቱ አላስገባናቸውም፤ ቁጥር 1723 በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት ይሁን ያለው ጉዳይ በወረቀቱ መንገድ ይቀጥላል።

የቀረን ነገር የቅንብሩ ቁልፍ ማን ዘንድ ይሁን የሚለው ነው። የፈራሚዎችን ተራ መቀየር፣ የገንዘቡን ጣሪያ ከፍ ማድረግ፣ አንድን መርማሪ ከመንገዱ ማውጣት የሚችል ሰው ምንም ሳይፈርም ከፈራሚዎቹ ሁሉ በላይ ነው። ሻጩ ይህን ሥልጣን ለኮምፒውተር ባለሙያው ስጡት አለን። እኔ ያቀረብኩት ለውጡ ሁሉ የውል ክፍሉና የፋይናንስ ኃላፊው አብረው ሲያጸድቁት ብቻ እንዲሠራ ነው። ባለሙያው «አንዲት የፊደል ግድፈት ለማረም ሁለት ኃላፊ ልለምን?» ብሎ አኮረፈ። እውነቱን ነው፤ የስምና የፊደል እርማት ለብቻው ተለይቶለት ተስማማን። በጥበቃና በጽሕፈት መሣሪያ ውሎች እንጀምራለን፤ የዋስትናዎቹ ተራ የሚደርሰው አዲሱ ቅጽ በቦርዱ ከጸደቀ በኋላ ነው። በሌላ ክፍል እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።