ሁለት ጓል፣ ሁለት ብርጭቆ

የተከበራችሁ የጎልማሶች ትምህርት አመቻቾችና በጎ ፈቃደኞች፣ እንደምን ዋላችሁ?

ንግግሬን ከአንድ ስህተቴ ልጀምር። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎልማሶችን ስለ አካባቢ ጥበቃ ሳስተምር ፕሮጀክተር ተሸክሜ ሄድኩ። ስለ ካርቦን፣ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር ግራፍ እያሳየሁ አንድ ሰዓት ተኩል አወራሁ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አጨበጨቡልኝ። ከዚያ አንዲት እናት ተነሡና፣ «ልጄ፣ ጥሩ ነግረኸናል። የእኛ ምንጭ ግን ለምን ደረቀ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ምንጭ እንዳላቸው እንኳ አላውቅም ነበር።

ያ ጥያቄ እስካሁን አብሮኝ አለ። ጎልማሳ ሰው ወደ ትምህርት ባዶውን አይመጣም። ጎርፉ በየት በኩል እንደሚገባ፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደተቆረጠ፣ ወንዙ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ እንደደፈረሰ ያውቃል። እነዚህን ሁሉ ያየው ግን ለየብቻ ነው። አንዱን ከሌላው ጋር የሚያያይዘውን ነገር አብረን ካልፈለግን፣ ንግግራችን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

አሁን ወደዚህ ጠረጴዛ ተመልከቱ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አለ። ሁለት ደረቅ ጓል አፈርም ይዣለሁ። አንዱ በየዓመቱ ከሚታረስና ገለባው ሁሉ ተጠራርጎ ከሚወሰድበት ማሳ የመጣ ነው። ሌላው ከዚያው ማሳ ዳር፣ ሣር ከሸፈነው መሬት። ሁለቱንም ቀስ አድርጌ ውሃው ውስጥ ልክተት።

የመጀመሪያው መፍረስ ጀምሯል። ከሥሩ ጭቃ እየተቆለለ ነው፤ ውሃውም ደፈረሰ። ሁለተኛው ጥቂት የአየር አረፋ ለቀቀ እንጂ ቅርጹን እንደያዘ ነው። የሣሩ ሥር፣ ብስባሹና በዓይን የማይታዩት የአፈር ነፍሳት እንደ ሙጫ ሆነው ይዘውታል። ዝናብ ሲመታው የሚፈርሰው አፈር የራሱን ቀዳዳ በደቃቁ ይደፍናል። ያኔ ውሃው ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ አፈሩን ይዞ ቁልቁል ይሮጣል። ምንጭን የሚመግበው ደግሞ የሰረገው ውሃ ነው። ምንጭ የሚደርቅበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንደኛው ግን እዚህ ብርጭቆ ውስጥ ይታያል።

ወደዚያች እናት ተመልሼ ሄጃለሁ። ያለ ፕሮጀክተር። እሳቸው ከፊት እየመሩ ከምንጩ በላይ ያለውን ዳገት ወጣን፤ የሠፈሩ ሰው ተከተለን። እያንዳንዱ ከራሱ መሬት ጓል አንስቶ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረ። ያን ቀን ብዙ ያወራሁት እኔ አይደለሁም። ዳገቱን ከከብት ስለመከለል የተነሳውን ሐሳብም ያመጡት እነሱ ናቸው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ የተካሄደው የመንግሥታት ጉባኤ የአካባቢ ትምህርት ከመደበኛው ትምህርት ቤት ውጭም፣ በማንኛውም ዕድሜ መሰጠት እንዳለበት ተናግሯል። በዚያው ዓመት ዋንጋሪ ማታይ በኬንያ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ጀመሩ። የገጠር ሴቶች ዘር ለቅመው፣ ችግኝ አፍልተው ተከሉ፤ አንዷ የቻለችውን ለሌላዋ አሳየች። ዲፕሎማ አልጠበቁም። የተተከለው ዛፍ በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል፤ ማታይም እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለሙ።

ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ ግን የኢንዶኔዥያ ሩዝ አብቃዮች ታሪክ ነው። አንድ ትንሽ ቡናማ ተባይ ሩዛቸውን እየመጠጠ ያደርቀው ነበር። መድኃኒት ሲረጩ ብሶ ተባዛ። ለምን? መድኃኒቱ ተባዩን የሚበሉትን ሸረሪቶች ጭምር ይፈጅ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ድጋፍ የአርሶ አደሮች የመስክ ትምህርት ቤት ተጀመረ። ሃያ አምስት ያህል ሰው በየሳምንቱ ማሳ ላይ ይገናኛል። ሩዙን፣ ተባዩን፣ ሸረሪቱን ቆጥረው ያዩትን ትልቅ ወረቀት ላይ ይስሉታል። ሸረሪትና ተባይ አንድ ላይ ዘግተው ማን ማንን እንደሚበላ በዓይናቸው ያያሉ። ልርጭ ወይስ ልተው የሚለውን የሚወስኑት ከዚያ በኋላ ነው። ሸረሪቷ ስትበላ ያየ ገበሬ ስለ ሥነ ምህዳር ሌላ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን እንዳንዘነጋ። ከሰል የሚያከስል ሰው ዛፍ መቁረጥ እንደሚጎዳ ጠፍቶት አይደለም። ልጆቹ መብላት አለባቸው። ኑሮውን ሳንሰማ «ዛፍ አትቁረጥ» ብንለው ጆሮ ዳባ ልበስ ቢለን አይፈረድበትም። ስለዚህ ስለ ገቢውም አብረን እንነጋገር። ሴቶች ከኋላ ተቀምጠው ዝም ካሉ ደግሞ ትምህርቱ ጎዶሎ ነው። ውሃና ማገዶ የሚሸከሙት በአብዛኛው እነሱ ስለሆኑ፣ ርቀቱ መጨመሩን ከማንም ቀድመው የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።

ልለምናችሁ። ለቀጣዩ ስብሰባችሁ ንግግር አታዘጋጁ። ሰዉ ከየመሬቱ አንድ አንድ ደረቅ ጓል ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። ብርጭቆና ውሃ እናንተ አቅርቡ። ጓሉ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለማስረዳት አትቸኩሉ፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ እነሱ ይጠይቁ።

አመሰግናለሁ።