ለቱርቦ ቤንዚን ሞተር የትኛው ኮምፒውተር ይግባ? ለጎንደር መካኒኮች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የጋራዥ ባለቤቶች፣ መካኒኮች፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች፣ መኪናችሁን በገዛ እጃችሁ የምትፈቱ አሽከርካሪዎችም፤ እንደምን አደራችሁ።

የዛሬው ጉዳይ የቤንዚን ቱርቦ ነው፤ ቱርቦ የምለው አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን ዕቃ ነው። የናፍጣ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር የያዛችሁ ይቅር በሉኝ፤ ናፍጣ በካንዴላ አይነድምና ግማሹ አይመለከታችሁም።

የቱርቦው ግፊት ከፋብሪካው ልክ በላይ ሲወጣ ነዳጁንና ብልጭታውን የሚያዘው የፋብሪካው ኮምፒውተር አያዝበትም። ያኔ ሦስት መንገድ አለ፦ ሲግናል የሚያታልል ትንሽ ሳጥን መቀጠል፣ የፋብሪካውን ፕሮግራም እንደ አዲስ መጻፍ፣ ወይም ኮምፒውተሩን በሌላ መተካት። ሁለተኛው ለመኪናችሁ ሞዴል ሶፍትዌሩና የሚያውቀው ባለሙያ ካለ መልካም ነው፤ ሽቦ አይቆረጥም። የመጀመሪያው ግን ርካሽነቱ ብዙ ሰው ስለሚስብ ትንሽ ልቆይበት።

ትልቅ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን) ትገጥማላችሁ። ነዳጁ እንዳይበዛ ሳጥኑ ከአየር መለኪያው የሚመጣውን ሲግናል ይቀንሳል፤ ኮምፒውተሩም የገባው አየር ጥቂት ነው ብሎ ነዳጁን ይመጥናል። እስከዚህ ደህና ነው። ነገር ግን ያው ኮምፒውተር ካንዴላው መቼ ይቀጣጠል የሚለውንም የሚወስነው በዚያው የአየር ቁጥር ነው። ጭነቱ ቀላል መስሎት ብልጭታውን ያስቀድማል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ግን ከባድ ነው። አንዱን በሬ ጠምዶ ሌላውን እንደ መልቀቅ ነው። ሞተሩ ያንኳኳል (የብልጭታው እሳት ሳይደርስበት ድብልቁ በራሱ ይፈነዳል)፣ ፒስተኑ የቀለበቶቹ መቀመጫ ላይ ይሰበራል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይሄዳል። ባለቤቱ «ነዳጅ አንሶት ነው» ይላል፤ ድብልቁ ሲለካ ግን ትክክል ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ነዳጅንም ብልጭታንም አብሮ የማያዝ ዕቃ ለቱርቦ አትግዙ እላለሁ።

ጎንደር ላይ ይህ ነገር ይብሳል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት 79 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፣ በባሕር ጠረፍ ግን 101። እዚያ 70 የሚጨምር ቱርቦ ለሞተሩ 171 ይሰጣል፣ አየሩን 1.7 ጊዜ አጥፎ። እዚህ ያንኑ 171 ከፈለጋችሁ 92 መጨመር፣ አየሩንም ወደ 2.2 ጊዜ ማጠፍ አለበት። የኮምፕረሰሩ (የቱርቦው አየር መጭመቂያ) ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ በ20 ዲግሪ የገባው አየር እዚያ 88 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሲወጣ እዚህ ከ120 ያልፋል። የሞቀ አየር ለማንኳኳት ቅርብ ነው። ከቆላ አገር የተገለበጠ የብልጭታ ሠንጠረዥ እዚህ የማይታመነው፣ የአየር ሙቀት ሴንሰሩም ከኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) በኋላ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ መንገዳችን እኩል አይደለም። ወደ መተማ ስትወርዱ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ይሆናል፤ ወደ ደባርቅ ስትወጡ ደግሞ ከጎንደርም ይበልጣል፣ ቀጥሎ ሊማሊሞ አለ። የውጭውን አየር ግፊት ቁልፍ ሲከፈት አንዴ ብቻ የሚለካ ኮምፒውተር መተማ ሲደርስም ጎንደር ያለ ይመስለዋል። ነዳጁን በማኒፎልድ (አየሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚገባበት ቱቦ) ግፊት የሚያሰላ ከሆነ ስሕተቱ ትንሽ ነው። በጋዝ ፔዳሉ አከፋፈት ብቻ የሚያሰላ ከሆነ ግን የአየሩ ግፊት ከ15 በመቶ በላይ ጨምሮ ነዳጁ ባለበት ይቀራል። የማኒፎልዱ ሴንሰር ቢያንስ 2.5 ባር (1 ባር 100 ኪሎፓስካል ነው)፣ ቢቻል 3 ባር የሚያነብ ይሁን፤ የውጭውን አየር በየጊዜው የሚለካ ሌላ ሴንሰር ደግሞ ለብቻው ይኑር።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሞተሩን ጠይቁት። የክራንኩ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ጥርስ ስንት ነው፣ 36 ሲቀነስ 1 (ከ36 አንድ የጎደለው)፣ 60 ሲቀነስ 2፣ ወይስ ዲስትሪቡተር ውስጥ ያለ የቶዮታ 24 ጥርስ? ኮምፒውተሩ ያንን ጥርስ ካላነበበ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የኢንጀክተሩን ኦም ለኩ፤ ከ12 እስከ 16 ከሆነ አብዛኛው ኮምፒውተር ይነዳዋል፤ 2 ወይም 3 ከሆነ ሬዚስተር ካልተቀጠለለት ወይም ለዚያ የተሠራ ኮምፒውተር ካልሆነ ውስጡን ያቃጥላል።

ስለ መጠኑ፦ 250 የፈረስ ጉልበት ከአራት ሲሊንደር ለማውጣት፣ ኢንጀክተሩ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ ከ85 በመቶ ሳያልፍ፣ እያንዳንዱ በደቂቃ 480 ሲሲ ገደማ መስጠት አለበት። ፖምፓውም አብሮ ይታሰብ። የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያው ትንሽ ቱቦ ከማኒፎልዱ ጋር መያያዟን እዩ፤ ከተነቀለች 3 ባር የነበረው ልዩነት በ1 ባር ቱርቦ ጊዜ 2 ይሆንና 18 በመቶ ነዳጅ ይጠፋል።

ቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) የሚሞላበት ጊዜ በባትሪው ቮልት ይወሰናል። ብዙ ቦቢና በ14 ቮልት 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ ዲናሞው ደክሞ ቮልቱ ሲወርድ ጊዜው መርዘም አለበት፤ ሁልጊዜ ከረዘመ ደግሞ ቦቢናው ይቃጠላል። የካንዴላውን ክፍተት ከ1.1 ወደ 0.7 ሚሊሜትር አጥብቡት፣ አለዚያ ግፊቱ ብልጭታውን ያጠፋዋል።

የትኛው የኮምፒውተር ስም? ሜጋስኩዊርትና ስፒዱዊኖ ርካሽ ናቸው፤ ስፒዱዊኖ በአርዱዊኖ ሜጋ ላይ የተሠራ ነው፤ ማብራሪያቸው ለሁሉም ክፍት ነው፣ ብየዳ ግን ይጠይቃሉ። ሃልቴክና ሊንክ ለአንዳንድ ሞዴል በፋብሪካው ሶኬት ላይ የሚሰካ አላቸው። የእኔ ፍርድ፦ መኪናው ጎንደር ላይ ሲቆም ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣ ሰው ያለውን ግዙ። ዕቃው ምንም ቢረቅ የሚከፍተው ከሌለ ብረት ነው።

ከገጠማችሁ በኋላ ብልጭታውን በ10 ዲግሪ ቆልፋችሁ በታይሚንግ መብራት እዩ፤ በ1,000 ዙርም በ3,000 ዙርም ምልክቱ ካልተንቀሳቀሰ ደህና ነው። ዙሩ ሲጨምር ከሸሸ የክራንኩ የማግኔት ሴንሰር ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው ይሆናል። የኦክስጅን ሴንሰሩ ሰፊ የሚለካው ይሁን፤ የድሮው 14.7 (ለአንድ ኪሎ ቤንዚን የሚገባው የአየር ኪሎ) አካባቢን እንጂ ሌላውን አይነግራችሁም፣ በቱርቦ ጊዜ የምትፈልጉት ደግሞ ከ11.5 እስከ 12 ያለውን ነው። ከቱርቦው በኋላ በጭስ ማውጫው ላይ ይበየድ። ግፊቱ ከወሰናችሁት ካለፈ ነዳጅ የሚቆርጠውን ጥበቃ ከመጀመሪያው ሙከራ በፊት አብሩት። ሙሉ ግፊት ላይ ብልጭታውን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩና ማንኳኳት እያዳመጣችሁ አንድ አንድ ዲግሪ ጨምሩ። ሙከራው ከከተማ ውጭ፣ በሁለት ሰው፤ አንዱ ይንዳ፣ ሌላው ላፕቶፑን ይያዝ።

የሽቦ ሥዕሉን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ የክራንክ ሴንሰሩን ጥያቄ ያላችሁ ቅረቡ፣ ከእሱ እንጀምር።