የላውሪዮን ብር፦ አቴናውያን ያልተከፋፈሉት ሀብት

(ምስል፦ የሳላሚስ ደሴትና ከዋናው ምድር የሚለያት ጠባብ ሰርጥ)

የግሪኮችና የፋርሶች ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ቴርሞፒሌ በተባለው ጠባብ መተላለፊያ የወደቁትን 300 የስፓርታ ወታደሮች ነው። ጀግንነታቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ንጉሣቸው ሊዮኒዳስ ሲሞት መንገዱ ተከፈተ፤ ፋርሶች አቴና ገብተው የከተማዋን አምባ፣ አክሮፖሊስን አቃጠሉ። ግሪኮችን ያተረፋቸው ውሳኔ የተወሰነው ከዚያ በፊት፣ አቴናውያን በሸንጎ ተሰብስበው ስለ ገንዘብ ሲከራከሩ ነው። ዛሬ የምንተርከው እሱን ነው።

(ካርታ፦ የፋርስ ግዛት። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።)

ቂሮስ የመሠረተው የፋርስ መንግሥት ከሕንድ ዳርቻ እስከ ግብፅ ተዘርግቶ፣ በዛሬዋ ቱርክ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚኖሩትን የአዮንያ ግሪኮችም ያስገብር ነበር። እነርሱ በ499 አመጹ። አቴና 20፣ ኤሬትሪያ የተባለችው ሌላዋ የግሪክ ከተማ ደግሞ 5 መርከቦች ላኩላቸው፤ በዮሐንስ ራእይ የምናውቃት ሰርዴስም በእሳት ጋየች። ንጉሡ ዳርዮስ ዓመፁን ደመሰሰ፤ የአቴናን ነገር ግን በሆዱ ያዘ። በ490 የላከው ጦር ማራቶን ላይ ወርዶ በአቴናና በጎረቤቷ በፕላቴያ ሰዎች ተመታ። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ከአቴናውያን የሞቱት 192 ብቻ ናቸው። የተቀበሩበት የአፈር ጉብታ ዛሬም ሜዳው ላይ ይታያል።

ከዚህ ድል በኋላ ብዙዎች ነገሩ ያበቃ መሰላቸው። የአቴናው መሪ ቴሚስቶክሊስ ግን ገና መጀመሩ እንደሆነ ያምን ነበር።

(ምስል፦ የላውሪዮን የማዕድን ጉድጓዶች)

በ483 ገደማ ከአቴና በስተ ደቡብ፣ ላውሪዮን በተባለው ስፍራ ብዙ ብር ተገኘ። ከምድር ሆድ ቆፍረው ያወጡት ባሪያዎች ነበሩ፤ ስለ ግሪኮች ነጻነት ስንናገር እነርሱን መዝለል ግፍ ይመስለኛል። ሸንጎው ላይ የቀረበው ሐሳብ ብሩ ለእያንዳንዱ ዜጋ 10 ድራክማ (የግሪኮች የብር ገንዘብ) እየደረሰው ይከፋፈል የሚል ነበር። ቴሚስቶክሊስ ተነሥቶ መርከብ ይሠራበት አለ። ደግሞም ፋርስን ማስፈራሪያ አላደረገም። ፋርስ ሩቅ ነበረች። ያነሣው ከአቴና ፊት ለፊት ያለችውን የኤጊናን ደሴት ነው፤ አቴናውያን ከእርሷ ጋር ይዋጉ ነበርና። ሸንጎው ተስማማ። እጁ ሊገባ የደረሰውን ገንዘብ በገዛ ድምፁ የተወ ሕዝብ በታሪክ ብዙ አናገኝም።

(ሥዕል፦ ትሪሬም፣ ከጎን ተቆርጦ የሚታይ)

መርከቡ ትሪሬም ይባላል። 170 ቀዛፊዎች በሦስት እርከን ተደራርበው ይቀመጡበታል፤ ከፊቱ የጠላትን መርከብ ጎን የሚበሳ የነሐስ መውጊያ አለው። 200 መርከቦችን ለማንቀሳቀስ 34,000 ቀዛፊ ያስፈልጋል ማለት ነው። በእግረኛ ጦር ለመሰለፍ ጋሻና ጥሩር ከራስ ኪስ መግዛት ግድ ነበር፤ ለመቅዘፍ ግን ክንድ ይበቃል። ስለዚህ የከተማዋ ህልውና በድሆቿ ትከሻ ላይ ወደቀ።

በ480 የዳርዮስ ልጅ ዜርክሲስ እስያንና አውሮፓን የሚለየውን የባሕር ሰርጥ፣ ሄሌስፖንትን፣ በጀልባ ድልድይ ተሻግሮ መጣ። ሄሮዶቱስ ሠራዊቱን በሚሊዮኖች ይቆጥረዋል፤ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን አይቀበሉም፤ ቢሆንም ግሪኮች አይተውት የማያውቁት ኃይል ነበር። ግሪኮችም አንድ አልነበሩም። የግሪክ ከተማ የሆነችው ቴብስ ለፋርስ አደረች፤ የአዮንያ ግሪኮች በፋርስ ባሕር ኃይል ውስጥ ተሰልፈው መጡ። አቴናውያን ሴቶችንና ሕፃናትን ወደ ትሮይዜንና ወደ ሳላሚስ አሽሽተው ከተማቸውን ለቀቁ።

(ካርታ፦ የሳላሚስ ሰርጥ፣ የመርከቦቹ አሰላለፍ)

ከግሪኮች መርከቦች ግማሽ ያህሉ የአቴና ነበሩ። የፔሎፖኔዝ (የደቡብ ግሪክ) ሰዎች ወደ ቆሮንቶስ ልሳነ ምድር እንሽሽ ሲሉ፣ ቴሚስቶክሊስ ሲኪኖስ የሚባል አገልጋዩን በሌሊት ወደ ጠላት ላከው። መልእክቱ «ግሪኮች ሊያመልጡ ነው» የሚል ነበር። ፋርሶች አመኑት፤ መውጫዎቹን ለመዝጋት ሌሊቱን ሲቀዝፉ አደሩ። በፋርስ በኩል የተሰለፈችው የሃሊካርናሶስ ገዢ አርቴሚስያ በባሕር እንዳይዋጉ ዜርክሲስን አስቀድማ መክራው ነበር፤ አልሰማትም።

ሲነጋ የደከሙት መርከቦች ወደ ጠባቡ ሰርጥ ገቡ። ብዛታቸው እንቅፋት ሆነባቸው፤ የፊተኞቹ ሲያፈገፍጉ ከኋላ ከሚገፉት ጋር ተላተሙ። ከሰጠሙት ብዙዎቹ ዋና አይችሉም ነበር። ዜርክሲስ ይህን ሁሉ ከኮረብታ ላይ ተቀምጦ ተመለከተ፤ ከዚያም ወደ እስያ ተመለሰ። በግሪክ የተወው የጦር አለቃው ማርዶኒዮስ በ479 በፕላቴያ በስፓርታዊው ፓውሳኒያስ በተመራው ጦር ተሸነፈ፤ እርሱም እዚያው ሞተ።

(ምስል፦ ስም የተቀረጸባቸው የሸክላ ስብርባሪዎች)

የአቴና ቀዛፊዎች ከዚህ በኋላ በሸንጎው ድምፃቸው ከበደ፤ ከተማዋ በባሕር ኃይል የቆመች ናትና ዝም ሊያሰኛቸው የሚደፍር ታጣ። ቴሚስቶክሊስ ግን ብዙ ጠላት አፈራ። ሕዝቡ በሸክላ ስብርባሪ ላይ ስም እየጻፈ ከከተማ በሚያባርርበት ሥርዓት፣ ከሳላሚስ ድል ዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ተባረረ። ከአክሮፖሊስ በስተ ሰሜን ካለ ጉድጓድ የእርሱ ስም ያለባቸው ወደ 190 የሚጠጉ ስብርባሪዎች ተገኝተዋል፤ የእጅ ጽሑፉ ሲመረመር የጻፏቸው 14 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ተዘጋጅተው ለሕዝብ ሊታደሉ የነበሩ ይመስላል። እርሱም በመጨረሻ ወደ ፋርስ ተሰደደ። የዜርክሲስ ልጅ አርጤክስስ ተቀብሎ የማግኔዥያን ከተማ ሾመው፤ እዚያው እየገዛ ሞተ።