ያ የሳፋ ውሃ

እሺ... ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ግን ያ ሳፋ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

እቴቴ ከባሕር ዳር አምጥታ ሳፋው ውስጥ ያኖረችው አበባ፣ ባለፈው "ግቢያችን አማረበት" ያልኳችሁ፣ እምቦጭ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ገልብጬ ሳየው የቅጠሉ አንገት እንደ ፊኛ አብጧል። ክው አልኩ። ያው በ2011 እንደ ፈረንጆቹ ጣና ውስጥ የገባው የውሃ አረም ነው።

አውጥቼ ሲሚንቶው ላይ አሰጣሁት፣ ፀሐይ እንዲያደርቀው። እዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ እቴቴ "ሳፋውን አምጣልኝ፣ ልብስ ልዘፍዝፍበት" አለች። አነሳሁት። ውሃውን ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። በቃ፣ እንዲሁ። ሲፈስ እያየሁት ነበር። ከሥሩ ጭቃ መሳይ ነገር አለ። ጭቃ ብቻ ነው? አበባው ከጠወለገ ሳምንት አልፎታል። እምቦጭ ደግሞ አበባው ሲያልቅ አንገቱን ደፍቶ ዘሩን ውሃው ውስጥ ነው የሚጥለው። ዘሩ ደለል ውስጥ እስከ 20 ዓመት ይቆያል።

ቦዩ ወደ ቦርከና ወንዝ ነው የሚወርደው። ቦርከና ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ወደ ጨፋ።

ጎረቤታችን ጋሼ "አብሽር ልጄ፣ ቦርከና ይሮጣል፣ እምቦጭ የቆመ ውሃ ነው የሚወደው" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ትንሽ ቀለል አለኝ። ግን ጨፋ ሲደርስ እኮ አይሮጥም። ይተኛል። ረግረግ ነው። የከተማውንም ቆሻሻ ይዞ ነው የሚደርሰው፤ እምቦጭ የሚወፍረው በዚያ ነው።

ጨፋ ላይ ቄጠማውን አስቡት፣ ፊላውን። በበጋ አፋሩም ኦሮሞውም ከብቱን ይዞ የሚመጣው ለዚያ ሣር ነው። እምቦጭ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ይሸፍነዋል። ከሥር ያለው ተክል ብርሃን ያጣል፣ ውሃው አየር ያጥረዋል። ዳር ዳሩን ለሚበቅለውም ቦታ አይተውለትም።

ደግሞ እኮ ቄጠማ... በዓል ሲመጣ እናቴ ስትጎዘጉዘው ያለው ሽታ። ቤቱ ሁሉ ሌላ ይሆናል። እሱን ሳስብ ነው የምናደደው። በእቴቴ አይደለም፣ አምሯት ነው ያመጣችው። በራሴም... አላውቅም።

እሑድ ወርጄ ድልድዩ ሥር አየሁ። ምንም የለም። አንድ አረንጓዴ ነገር ድንጋይ ላይ ተጣብቋል፣ አልጌ ይመስለኛል። በእንጨት ልነካው ሞከርኩ፣ አልደረስኩበትም።

ትናንት ማታ ደግሞ ዘነበ። ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ቦዩ ሞልቶ ሲወርድ ይሰማል። እና...